ከእርሳስ ሥዕሉ ጀርባ

«ካፒቴን ከሆነ ታዲያ ምነው የእንጨት ጫማ አደረገ?» አለ ሂዴ፣ አፍንጫው ወረቀቱን ሊነካ ምንም ሳይቀረው።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ፌምከም አብራ ሳቀች።

«ሚስማር ያለው ጫማ ቢያደርግማ፣ ባሕሩ ሥር ያለው ማግኔት ከነመርከቡ ያሰምጠው ነበር!» አለች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ስትቀድ ከርማለች። በእርሳስ የተሣለው ሰውዬ የአያቷ አባት ነው፤ ዓሣ ነባሪ በጭራው ጎትቶ ወደብ ያስገባ ካፒቴን! ዛሬ በከተማው ሙዚየም ሥዕሉን ለክፍሉ የምትተነትንበት ተራዋ ነው። ትናንት ግን አጎቷ ሳቀባት።

«የምን ካፒቴን አመጣሽ! ለማኝ ተብሎ ተይዞ፣ ካምፕ ውስጥ ረግረግ ሲቆፍር የኖረ ሰው ነው። ሠዓሊው እዚያው ሄዶ ነው እስረኞቹን የሣላቸው። ከወረቀቱ ጀርባ ስማቸውን፣ ከስማቸው ቀጥሎ ደግሞ ለምን እንደተያዙ ጽፏል።»

ነጭ ጓንት ያጠለቁት የሙዚየሙ ሴትዮ እስካሁን ሦስት ወረቀት ገልብጠዋል። አራተኛው የእሷ ነው።

ባለፈው ወር የክፍላቸው ልጅ የታይመን እናት ምግብ በነጻ ከሚታደልበት ቤት ስትወጣ ታየች። ሂዴ ታይመንን «ለማኙ» ብሎ ስም አወጣለት። ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው ፌምከ ነበረች። ታይመን አሁንም መስኮቱ ጋ ለብቻው ቆሞ ጫማውን ያያል።

«ቀጥይ እንጂ ፌምከ» አሉ መምህርት ሂዲንጋ። «ሰውዬው እጁን ለምን ወደ ኋላ አደረገ?»

«ስለሚኮራ» ልትል አፏን ከፈተች። ሠዓሊው ከጎን የሚታየውን ፊት በሁለት በሦስት መስመር አልፎታል። እጆቹ ላይ ግን ወረቀቱ እስኪጎደጉድ እርሳሱን ተጭኗል። አንዱ እጅ የሌላውን አንጓ ጨምድዶ ይዟል። ፌምከ የራሷንም እጆች ከጀርባዋ እንደዚያው ተጨምድደው አገኘቻቸው።

«ፈርቶ ነው» አለች።

«ካፒቴኑ? አትቀልጂ ባክሽ!» አለ ሂዴ።

ሴትዮዋ የወረቀቱን ጠርዝ ነካ አደረጉ። «ይሄኛው በጣም ሳስቷል። ካልፈለግሽ ባንገለብጠውም ይቀራል።»

ፌምከ ትንፋሿ መለስ አለላት። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ ካፒቴኑም ካፒቴን እንደሆነ ይቀራል። ወደ መስኮቱ ዞር አለች። ታይመን ቀና አላለም።

«ይገልብጡት» አለች። «ግን እኔ ነኝ የማነበው።»

ወረቀቱ ቀስ ብሎ ተገለበጠ። የራሷን የቤተሰብ ስም ጮክ ብላ አነበበች፤ ከስሙ ቀጥሎ ያለችውንም ቃል አልዘለለቻትም።