የዘቢብ ቤት

ሰው ሁሉ ለምን ድመት እንዳላሳደግኩ ይጠይቀኛል። ድመት ስላልፈለግኩ ነው። የፈለግኩት እባብ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌላው የፈለገልኝን ስፈልግ ኖሬ፣ አንድ ነገር በራሴ ሲያምረኝ ለማንም ማብራሪያ አልሰጥም ብዬ ወሰንኩ።

አክሊልን ያገኘሁት በዚሁ ሰበብ ነው። ዊተን ካለ የግንባታ ዕቃ መደብር እንጨት ላስቆርጥ ተሰልፌ፣ በስልክ እናቴን እየዋሸሁ ነበር።

«የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው፣ እማዬ። አዎ፣ አራት ጫማ ነው። አዎ፣ በር አለው። አሁን እንደዚህ ነው የሚሠሩት።»

ስልኩን ስዘጋ፣ መጋዙ ላይ የሚሠራው ጠይም ልጅ ልኬቱን የጻፍኩበትን ወረቀት አገላብጦ አየና በአማርኛ፣ «መጽሐፎችሽ ይተነፍሳሉ እንዴ?» አለኝ። ወረቀቱ ላይ «የአየር ቀዳዳ» ብዬ ጽፌ ነበር።

«ለእባብ ነው» አልኩት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ።

ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር ለምጄዋለሁ። እሱም ፊት ላይ መጣ። ወረቀቱን ግን አልመለሰልኝም። ምራቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ላዩን ወንፊት ሽቦ ብታደርጊው ይሻላል» አለ። ከዚያ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ እባብ በጣም ነው የምፈራው፤ ከአሁኑ እወቂው» አለኝ።

እዚያው ቆሜ ወደድኩት። ፈርቶ የማይሸሽ፣ መፍራቱንም የማይደብቅ ወንድ አይቼ አላውቅም ነበር።

አክሊል ላግዝሽ ብሎኝ፣ የእባቧን ቤት ከእናቴ ጋር በምኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማ ሳሎን ውስጥ፣ እኔና እሱ በሁለት ቅዳሜ ገጣጠምነው። እናቴ ወይዘሮ ስሂን ሻይ እያቀረበች፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ መብራት ምን እንደሚያደርግለት ትጠይቃለች። ፊት ለፊቱ ተንሸራታች መስታወት፣ ላዩ ወንፊት ሽቦ ሆነ። በአንዱ ጥግ የሚያሞቅ አምፖል፣ በሌላው ጥግ ቀዝቀዝ ያለ ጥላ፣ በሁለቱም በኩል መደበቂያ ሣጥን፣ መሃል ላይ የማይገለበጥ የውሃ ሳህን አደረግንበት። አምፖሉን የሚያበራና የሚያጠፋው ቴርሞስታት ነው፤ ሙቀቱን የሚያውቀውም ወደ ውስጥ በገባች ቀጭን ሽቦ ነው። ከዚህ ሌላ ሙቀቱን ለስልክ የምትልክ ትንሽ መለኪያ ጨመርን።

«ሁለት መለኪያ ምን ያደርጋል?» አልኩት።

«አንዱ ቢሳሳት ሌላው ይነግረናል።»

ይነግርሻል አላለም። ሰማሁት፤ አላረምኩትም።

እባቧ ከመግባቷ በፊት፣ ሙቀቱ መርጋቱ እስኪታወቅ ቤቱ ለአንድ ሳምንት ባዶውን መሥራት አለበት። አክሊል የመለኪያዋን አፕ ስልኩ ላይ ጫነ። በማግስቱ ጠዋት ወደምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ልወጣ ስል ሙቀቱን በፋራናይት የሚነግር ቴክስት ገባ፦ «84። ቀዘቀዘ።» ከሰዓት በኋላ፦ «91። በዛ።» በሦስተኛው ቀን፦ «87። ምሳ በላሽ?» በአምስተኛው ቀን ቤቱ የፈለግነው ሙቀት ላይ ረጋ። «88» ብሎ ጻፈልኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ድምፅሽን ልስማ?» አለ።

በሰባተኛው ቀን ዘቢብን አመጣኋት። ክንድ የምታህል፣ ቡናማና ወርቃማ ዥንጉርጉር፣ ስትፈራ ጭንቅላቷን መሃል ቀብራ እንደ ኳስ የምትጠቀለል ፓይተን ናት። እናቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው፣ «በእኔ በኩል እንዳታልፍ» ብላ ታረቀችኝ፤ ስሟን ግን አትጠራም ነበር፤ «ያቺ» ነበር የምትላት። አክሊል በዓመት ከአራት ወር ውስጥ መስታወቷን ወለወለ፣ ውሃዋን ቀየረ። እሷን ግን በጣቱ ጫፍ እንኳ ነክቷት አያውቅም ነበር። አላስገደድኩትም።

ባለፈው የካቲት ሽማግሌ ሊልክ ቆረጠ። የሚመሩት ጋሽ ኃይለመለኮት ነበሩ፤ በእናቱ ቤተክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ዘንድ እባብ እንስሳ ብቻ አይደለም።

«ዕድል፣ ለአንድ ቀን ብቻ» አለኝ አክሊል። «ሎረል የሚኖረው ጓደኛዬ ጋ እናቆያት።»

«አንድ ቀን ከደበቅናት ዕድሜያችንን ሙሉ ስንደብቃት ልንኖር ነው።»

«ጋሽ ኃይለመለኮት ካዩዋት ጥያቄውን ትተው ነው የሚሄዱት። እሳቸው ካልፈቀዱ ደግሞ እማዬ ንቅንቅ አትልም።»

«ይሂዱ።»

«እኔስ?»

 እናቴ በመሃል ገብታ፣ ዘቢብ ከቤት ሳትወጣ፣ እንግዶቹ እስኪሄዱ ፊት ለፊቱን ብቻ በጨርቅ ልሸፍነው ብላ ለመነችኝ። ላዩን እንዳትነካ አስምዬ ፈቀድኩ። መፍቀዴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጡ። በእኛ በኩል ተቀባይ አጎቴ ጋሼ ሙላቱ ነበር፤ እዚሁ አቅራቢያ ካለችው አሌክሳንድሪያ ገና መድረሱ ነው፤ ስለ ዘቢብ የነገረው የለም። ወጉ ሙሽሪት ጓዳ ትሁን፣ ሙሽራው ደጃፉን አይርገጥ ይላል። ስለዚህ አክሊል ሽማግሌዎቹን አድርሶ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናው ውስጥ ቀረ፤ እኔም የመኝታ ቤቴን በር ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ።

«ተቀመጡ እንጂ» ይላል ጋሼ ሙላቱ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ ጋሽ ኃይለመለኮት።

«እንግዲያው ኮታችሁን እንኳ ልቀበላችሁ።»

ብዙም ሳይቆይ፣ ዘቢብ ከገባች ወዲህ እኔም ስልኬ ላይ የጫንኩት የመለኪያዋ አፕ ጮኸ። 93 ይላል። የተሳሳተ መሰለኝ። ቀጥሎ 96 አለ። አክሊል ደወለልኝ።

«ዕድል፣ ቁጥሩን አየሽው?»

«አየሁት። ቴርሞስታቱ ማጥፋት ነበረበት።»

«ዘጠና ዘጠኝ ገባ እኮ። ውጪና እያት።»

«ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው።»

«ትሞታለች፣ ዕድል። ውጪ፤ እኔም እየመጣሁ ነው።»

ወጣሁ። ጋሽ ኃይለመለኮት ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ነበር። ከላይኛው ጠርዝ እስከ ታች ፊት ለፊቱን የሸፈነው የእናቴ ነጭ ዳንቴል የዘቢብን ቤት ጠረጴዛ አስመስሎታል፤ ጋሼ ሙላቱም ጠረጴዛ ነው ብሎ ሦስቱን ወፍራም ኮት ወንፊቱ ላይ ከምሮበታል። እናቴ ዳንቴሉን ስታለብሰው ደግሞ የቴርሞስታቱን ሽቦ ሳታውቅ ጎትታ አውጥታዋለች። ሽቦው ውጪ ተንጠልጥሎ የሳሎኑን ቅዝቃዜ እየለካ፣ አምፖሉን ያለ እረፍት ያነደዋል። የጋለ ሱፍ ይሸታል።

«ዕድላዊት፣ ምን ሆነሻል?» አለች እናቴ።

ኮቶቹን ወለሉ ላይ ጣልኳቸው። ዳንቴሉን ገፈፍኩት። ዘቢብ አፏን ከፍታ መስታወቱ ላይ ተለጥፋለች። ሶኬቱን ልነቅል ከቤቷ ጀርባ እጄን ሰድጄ ስታገል በሩ ተከፈተና አክሊል ገባ። ጫማው ላይ በረዶ ነበር።

«አውጣት» አልኩት፤ «እኔ እጄ አይደርስም።»

አየኝ። የመደብሩ ቀን እንዳደረገው ምራቁን ዋጠ። ከዚያ መስታወቱን አንሸራትቶ ሁለት እጁን አስገባና አወጣት። ዘቢብ ክንዱ ላይ ተጠመጠመች። አልለቀቃትም። እኔም ሶኬቱን ነቀልኩ።

አንደኛው ሽማግሌ «በኢየሱስ ስም» ብለው ወደ በሩ አፈገፈጉ። 

«አክሊል፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ኃይለመለኮት፣ «ያንን አስቀምጥና እንነጋገር።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ ኃይለመለኮት። እሷ አንደብቃትም ብላኝ ነበር፤ ከእርስዎ የደበቅኩት እኔ ነኝ። ይህን ቤት አብረን ነው የሠራነው። ከጠየቃችሁልኝ ይህን አይታችሁ ጠይቁልኝ። ካልሆነ እኔው ራሴ ቆሜ እጠይቃለሁ።»

ሙሽራ ራሱ ቆሞ ሲጠይቅ የሰማም ያየም የለም። ጋሽ ኃይለመለኮት ወደ እናቴ ዞሩ።

«ወይዘሮ ስሂን፣ እርስዎ ይህን ያውቁ ኖሯል?»

እናቴ ዳንቴሉን ከወለሉ አንስታ እያጠፈችው ነበር። በወጉ መናገር ያለበት ጋሼ ሙላቱ ነው። እሱ ግን ሶፋው ላይ ወጥቶ ቆሟል።

«አውቃለሁ» አለች። «የሸፈንኳት እኔ ነኝ፤ ልገድላት ነበር። ልጄ የምታፍርበት ነገር የላትም፤ ያፈርኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ አላፍርም። ልጄን የምሰጠው ከነዘቢብ ነው። ካልሆነላችሁ ኮታችሁ ያውላችሁ።»

ስሟን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነበር።

ጋሽ ኃይለመለኮት ጎንበስ ብለው ኮታቸውን አነሱ። አለቀ አልኩ በልቤ። ይሂዱ ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ አሁን ግን እንዲሄዱ አልፈለግኩም። ከአክሊል ጋር ተያየን። ቢሄዱም መልሼ እንደማልሸፍናት እሱም ያውቃል።

ሽማግሌው ኮቱን አራግፈው ክንዳቸው ላይ አጠፉትና አክሊልን ትኩር ብለው አዩት።

«ይህ ልጅ ሰንበት ትምህርት ቤት ሳስተምረው፣ ጢንዚዛ አይቶ ከወንበር ሥር የሚገባ ልጅ ነበር» አሉ። ከዚያ ሳሎኑን ቃኘት አደረጉ። «ከዚህ ራቅ ያለ ወንበር ይገኛል?»

እናቴ ወንበር አምጥታ ከወጥ ቤቱ በር ጥግ አኖረችላቸው። ጉዳያቸው ሳይሰማ ተቀመጡ። ሁለቱም ባልደረቦቻቸው እያመነቱ ተከተሏቸው።

«ሴት ልጃችሁን» አሉ፣ «ለወንድ ልጃችን እንድትሰጡን ነው የመጣነው።» የአክሊልን ክንድ አየት አደረጉ። «ከነ… ከነቤተሰቧ።»

ወጉ ቢሆን ቤተሰብ ተማክሮ ሌላ ቀን ነው ቀጠሮ የሚሰጠው። ጋሼ ሙላቱ ግን ሶፋው ላይ እንደቆመ፣ «ሰጥተናል» አለ።

ሽቦውን ወደ ቦታው መልሼ፣ ቤቱ በዝግታ ሲበርድ በስልኬ ተከታተልኩ። አክሊል ዘቢብን የመለሳት ቁጥሩ ሰማንያ ስምንት ላይ ሲደርስ ነው። እስከዚያ ድረስ ሽማግሌዎቹ በየተራ እየሰረቁ ሲያዩት፣ ከክንዱ አላወረዳትም።