ብሩሽና መርፌ

ሲከራከሩ ላያቸው ሰው ደም የተቃቡ ይመስላሉ።

እሱ ከቆሽት እብጠት ላይ ህዋሳት የሚወስድ ሐኪም ነው፤ እሷ ደግሞ የወሰደውን በማይክሮስኮፕ አይታ ካንሰር መሆን አለመሆኑን የምትለይ። እሱ በቀጭን ቱቦ ብሩሽ አስገብቶ የቆሽቱን ቦይ መጥረግ ይሻላል ባይ ነው። እሷ ግን በጨጓራ በኩል አልፎ እብጠቱን በመርፌ ያልወጋ ሰው ደከመ እንጂ ምንም አላገኘም ትላለች።

«አንቺ መቼም መውጋት ትወጃለሽ።»

«አንተ ደግሞ አቧራ የምትጠርግ ይመስልሃል!»

ጭቅጭቁ የሰለቸው የክፍሉ ኃላፊ ከእያንዳንዱ ታካሚ በሁለቱም መንገድ ይወሰድና ይነጻጸር አለ። እሷ ለመርፌ እንዳታደላ፣ ህዋሳቱ የተቀቡበት መስታወት፣ ስላይዱ፣ የማን እንደሆነና እንዴት እንደተወሰደ አይነገራትም፤ የሚደርሳት ቁጥር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ እሱ «ዳኛዬ» ይላት ጀመር። ምሳ ላይም ስለ ስላይድ ላያነሱ ተማማሉ። ሁለት ሰዎች ስለ ሥራ እንዳያወሩ ከተከለከሉ ስለ ምን ያወራሉ? ስለ ራሳቸው ነዋ! ፍቅሩ የገባው በዚያ በኩል ነው።

አንድ ቀን «እሑድ እናቴ ጋ እንሂድ፤ ስላንቺ እያወራሁ አሰልችቻታለሁ» አላት። ደስታ እንቅልፍ ነሳት። ቅዳሜ ግን ዓይኗን ሳያይ «ሌላ ጊዜ ይሁን» ብሏት ሄደ። ከዚያ በኋላ ምሳ ላይም ጠፋ፤ ኮሪደር ላይ ሲያያት መንገድ ይቀይራል። ሐሳቡን ለውጦ ነው ብላ አንጀቷ አረረ።

ሆድ እንደባሳት ሥራዋ ላይ ተቀመጠች። አንዱ ስላይድ ላይ ያሉት ህዋሳት ከቁጥር የሚገቡ ስላልነበሩ «በቂ አይደለም» ብላ መለሰችው። ሌላው ግን ሙሉ ነበር፤ የአንዳንዶቹ ህዋሳት ቅርጽ ያጠራጥራል። «ካንሰር ሳይሆን አይቀርም» ብላ ጽፋ መገላገል ቃጣት። ብዕሩን ካነሳች በኋላ በራሷ አፈረች። በእሱ ንዴት የማታውቀው ሰው ላይ እንዴት ትፈርዳለች? ፊቷን ታጥባ ተመለሰችና ከዳር እስከ ዳር አየችው። ሕመም ያስቆጣቸው ህዋሳት ናቸው እንጂ ካንሰር አልነበረም። እንደዚያው ጻፈች።

በማግስቱ ሳያንኳኳ ገባ። ዓይኑ ቀልቷል።

«የእናቴ ነበር» አለ።

«ምኑ?»

«ስላይዱ፣ ሁለቱም። በዚያ ቅዳሜ ነው ቆሽቷ ላይ እብጠት የተገኘባት። የወሰደላት ሌላ ሐኪም ነው፤ የእኔ እጅ እምቢ አለኝ። ብሩሹ ምንም አላመጣም፤ ያገኘው መርፌው ነው። ብነግርሽ ኖሮ ለእኔ ስትዪ ደህና ናት ማለት ያምርሽ ነበር። ፊቴን ካየሽ ደግሞ ታውቂብኛለሽ ብዬ ሸሸሁሽ።»

«እኔ እኮ የጠላኸኝ መስሎኝ ስቃጠል ከረምኩ!» እያለቀሰች ደረቱን መታችው። እሱም እጇን ይዞ እዚያው ደረቱ ላይ አስቀረው።

እሑድ ሄዱ። እናቱ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ይህችው ናት? ፊቴን ሳታይ ሆዴን ያየችው?»

«ይማርዎት» አለች አንገቷን ደፍታ።

«ደህና ነኝ። አንቺን ግን የፈለግኩሽ ያኔ፣ በዚያ እሑድ ነበር። ይሄ ልጄ ከለከለኝ። ክፉ ነገር ቢሆን ኖሮስ? ሳላይሽ ልሄድ ነበር?»

ሐኪሙ መሬት መሬት አየ።

እናትየው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። «ነይ፣ አጠገቤ ሁኚ። እሱ እዚያ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፤ በመርፌሽ ተሸንፎ የለ?»