ማራገቢያ የሌለው ሣጥን

ሚስትየው እንደተናገረችው፣ ባሏ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ሳለ ሣጥኑ መዝፈኑን አላቆመም ነበር። አንዲት ሴት በሚያባብል ድምፅ ስለ ፍቅር ታንጎራጉራለች፤ ሰውየው ደግሞ አፉን ከፍቶ፣ ግራ መዳፉ ጠቁሮ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። መርማሪዋ ዓርብ ረፋድ ላይ ስትደርስ ቆጣሪው ተዘግቶ ስለነበር ዘፈኑ ዝም ብሏል። የተቃጠለ ቆዳ ሽታው ግን ከመጋረጃው ጋር ተጣብቆ ቀርቷል።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፣ ገለባ ስለማያመልጣት። ሃያ ሦስት ዓመት ሬሳ ስታይ ኖራለች፤ ሬሳ አያስጠላትም። የሚያስጠሏት በሬሳው ዙሪያ የቆሙት ናቸው።

ሟቹ ከሬዲዮ ጣቢያ በጡረታ የወጣ የድምፅ ባለሙያ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መደርደሪያ፤ መደርደሪያው ላይ ደግሞ መጽሐፍ የሚያህል ጥቁር የብረት ሣጥን አለ። አብሯት የመጣው የፖሊስ ጣቢያው ቴክኒሻን ክዳኑን ፈትቶ አሳያት።

«ይኸውልዎት፤ ይቺ የምድር ሽቦ ናት፣ ከብረቱ ጋር በብሎን መታሰር ነበረባት። የብሎኑ ማጥበቂያ ዳዶ ወልቆ ታች ወድቋል። ይሄ ደግሞ ኮረንቲ ያለበት ሽቦ ነው፤ ጫፉ ተልጦ ክዳኑን ነክቷል። ሰውዬው አንድ እጁን ሣጥኑ ላይ፣ አንድ እጁን ማጉያው ላይ ሲያደርግ በደረቱ አለፈ።»

«ማን ነው የሠራው?»

«ልጁ ናት አሉ። ሪፖርቱ ላይ ‹በጥንቃቄ ጉድለት› ብዬ ልጻፍ?»

«ምንም እንዳትጽፍ» አለችው፤ ዳዶውን በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ማዕድ ቤት ስትገባ የሟቹ ታናሽ ወንድም የትናንት ሩዝ ከነድስቱ ይዞ በማንኪያ ይዝቃል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የዚህን ቤት መብራትም የዘረጋው እሱ ነው።

«የወንድምዎ አስከሬን እኮ ገና አልተነሳም» አለችው።

«እሱ ሞተ ብዬ እኔ በረሃብ ልሙት?» ሩዝ ከከንፈሩ ላይ በምላሱ ለቀመ። «ስሚ፣ የኔ መስመር አንድም እንከን የለበትም። ጻፊው። ዳዶ ማጥበቅ የማትችል ልጅ ናት አባቷን የፈጀችው።»

«የገዛ የወንድምዎ ልጅ እኮ ናት።»

«ብትሆንስ? የኔ ስም ይጥፋ?»

መርማሪዋን ቅፍፍ አላት። «ትናንት ሐሙስ እዚህ ነበሩ?»

«ከሰዓት በኋላ የመታጠቢያ ቤቱን አምፖል ልቀይር መጥቼ ነበር። ያ ወርቅ ጆሮ የሚሉት ሰውዬም ነበር። ወንድሜና እሱ በተገናኙ ቁጥር የማጉያው ገመድ ላይ ያለው ጽሑፍ ወደየት ይዙር እያሉ ሲከራከሩ ነው የሚውሉት። ኮረንቲ ማንበብ ይችላል እንዴ? ሁለቱም እብዶች ናቸው!» ሳቀ፤ ሲስቅ ሩዙ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ።

ወርቅ ጆሮ የሚባለውን ሰው ሙዚቃ ክፍሉ በር ላይ አገኘችው። በከተማው ካሉ ሙዚቃ ወዳጆች መካከል የሱ ቃል ሕግ ነው፤ ውድ የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጠው ሱቅ እሱ ራሱን ካልነቀነቀ ደንበኛ አይገዛለትም። ጆሮው መተዳደሪያውም ማዕረጉም ነው። የትንሿን ጣቱን ጥፍር አሳድጓል፤ እያወራ ጆሮውን በጥፍሩ ይቆፍርና የወጣውን ኩክ አይቶ፣ አሽትቶ፣ ሱሪው ላይ ይጠርጋል። መርማሪዋ ወደ መስኮቱ ፈቀቅ አለች።

«ያሳዝናል» አለ። «ለመሆኑ እነዚህ ማጉያዎች ለማን ሊቀሩ ነው? ሴትዮዋ እኮ ልብስ ልታሰጣባቸው ትችላለች።»

«ቀብሩ ይለፍና ይጠይቋታል። ሣጥኑስ ጥሩ ነበር?»

«የቢሮ ውራጅ ነው! በነጻ ፕሮግራም የሚሠራ ቆርቆሮ ምን ጥሩነት አለው? የኔን ገመድ ከሰጠሁት ወዲህ ነው ትንሽ ነፍስ የዘራው። ገመድ አቅጣጫ አለው፣ እመቤቴ። ጽሑፉ ድምፁ የሚሄድበትን ተከትሎ መነበብ አለበት። ተገልብጦ የተሰካ ገመድ ባየሁ ቁጥር የሚያመኝ እዚህ ጋ ነው።» ደረቱን ነካ።

«ሐሙስ ለምን መጡ?»

«የተዋስኩትን የሙዚቃ ሸክላ ልመልስ። በሩ ላይ አስቀምጬ ሄድኩ።»

ልጅቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የአንድ ድርጅት ኮምፒውተሮችን ትቆጣጠራለች። መርማሪዋ አጠገቧ ስትቀመጥ ከውስጥ የእናቲቱ ጩኸት ተሰማ፤ «ከፊቴ ዞር ትበልልኝ! በገዛ እጇ ገደለችብኝ! ሰው አይደለችም!»

ልጅቷ እንባ የላትም። «እውነቱን ይንገሩኝ» አለች። «እኔ ነኝ የገደልኩት? ከሆንኩ ልወቀው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

መርማሪዋ የማይሆን ማጽናኛ አትሰጥም። «እስካሁን አላውቅም። እንዴት እንደሠራሽው ንገሪኝ።»

«አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ነበር። ማራገቢያው ስለሚያጉረመርም አወጣሁት፤ ሙቀቱ በብረቱ ክዳን እንዲወጣ አደረግኩ። ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫንኩበት፣ ከሙዚቃ ውጪ ያለውን ነገር ሁሉ አራገፍኩ። ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው፤ በስልክ ነው የሚታዘዘው። አራት ወር ፈጀብን። አባዬ ሊያዳምጥ ሲቀመጥ አንድ እጁን ክዳኑ ላይ፣ አንዱን ማጉያው ላይ ያደርግና ‹ሞቃለች› ይላል። ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ይስቅበታል።»

«የምድር ሽቦዋን ዳዶስ?»

«በብሎን መፍቻ ቁልፍ አጠበቅኩት፣ ከዚያ እንዳይላላ ዳዶውንም ብሎኑንም አንድ ላይ ጥፍር ቀለም ቀባሁት። ቀይ። ረቡዕ ማታ ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ ፎቶም አንስቻለሁ።»

ስልኳን ሰጠቻት። መርማሪዋ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች፤ ውስጡን፣ ከዚያ ተዘግቶ ከነገመዱ የሣጥኑን ጀርባ። «ይቺ ከገመዱ ላይ የታሰረች ወረቀት ምንድን ናት?»

ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። «ቅዳሜ ዓይናችንን ሸፍነን ልናዳምጥ ነበር። አንዴ የኛን ሣጥን፣ አንዴ ጋሼ ወርቅ ጆሮ የሚያሻሽጡትን ውድ ማጫወቻ። የሱቁ ባለቤትም ይመጣ ነበር። አባዬ ‹የኔ ጆሮ አርጅቷል፣ ለዚህ ነው ዓይን መሸፈን ያለበት› ይል ነበር። ጋሼ የሰጡትን ገመድ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገልብጠን ነው የሰካነው። እሳቸው በየሳምንቱ እየመጡ ‹አቅጣጫው ሲስተካከል ይኸው!› ይላሉ። አባዬ የገለበጥንበትን ቀን ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ፈርሞ ከኋላ አሰረበት፤ ቅዳሜ ሊያሳያቸው።»

«ስለ ወረቀቷ ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«እኔና አባዬ ብቻ ነን።»

መርማሪዋ «ለማንም እንዳትተነፍሺ» ብላት ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ከሣጥኑ ጀርባ በርከክ ብላ ብዙ ቆየች። ስትነሳ ፊቷ ተኮሳትሯል።

ቀጥሎ እናቲቱን አነጋገረች። ሐሙስ ባሏ ጠዋት ወጥቶ አመሻሹ ላይ ራሱን አሞት ተመለሰ፤ ሙዚቃ ክፍሉን ሳይረግጥ ተኛ። ሁለቱ ወንዶች ከሰዓት በኋላ ሲመጡ እሷ ጓሮ ልብስ ታጥብ ነበር። መብራት ጠፍቶ ነበር ወይ ስትባል «የልብስ ማጠቢያው አንዴም አልቆመብኝ» አለች። ከዚያ ሳትጠየቅ «እሰሯት» አለች። መርማሪዋ ደብተሯን በጥፊ የመታች ያህል ከደነችው።

እሑድ ቴክኒሻኑ ሣጥኑ የያዘውን መዝገብ አነበበ። ማሽኑ መቼ እንደነቃ፣ መቼ እንደጠፋ፣ ምን እንደተጫወተ ራሱ ይጽፋል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሙዚቃ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እናቲቱ በሩ አጠገብ፣ አጎትየው መስኮቱ ጋ፣ ልጅቷ ጥግ ላይ ቆመች። የሟቹ ወንበር ላይ ወርቅ ጆሮ ተቀመጠበት። ማንም ተነስ አላለውም።

«ባጭሩ እጨርሳለሁ፤ እዚህ ቤት መቆየት አስጠልቶኛል» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። ዳዶውን አወጣች። «ይሄ ረቡዕ ማታ ከብሎኑ ጋር በቀይ ጥፍር ቀለም ተጣብቆ ነበር፤ ፎቶው ይኸው። እንዲህ የተጣበቀ ዳዶ በራሱ አይወልቅም። ጎኖቹ በፒንሳ ተቧጭረዋል፤ ልጅቷ የምትሠራው በቁልፍ ነው። ስለዚህ ሰው ፈትቶታል።»

«ታዲያ እኔን ምን ታዪኛለሽ? ፒንሳ ያለው እኔ ብቻ ነኝ?» አለ አጎትየው።

«ይረጋጉ፣ ይደርስዎታል። ሁለተኛ፣ መቼ ተፈታ? ማሽኑ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሳይታዘዝ ድንገት ጠፍቶ፣ ከሃያ ሁለት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ነቅቷል። መብራት አልጠፋም። አንድ ሰው ነቅሎ፣ ከፍቶ፣ ሞት አስቀምጦበት ዘግቷል። ልጅቷ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነበረች፤ ሰባት ሰው መስክሯል።»

እናቲቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ቤት ውስጥ የነበራችሁት ሦስት ናችሁ። ሣጥኑን ከመደርደሪያው ለማውጣት ከማጉያው ጋር የሚያገናኘው ገመድ መነቀል አለበት። በረቡዕ ፎቶ ላይ የገመዱ ጽሑፍ ወደ ሣጥኑ ዞሯል። ዓርብ እኔ ስደርስ ግን ወደ ማጉያው ዞሮ አገኘሁት። ማን አዞረው? ሟቹ ሐሙስ ማታ ክፍሉን አልረገጠም። ዓርብ ጠዋት ሣጥኑን እንደነካ ሞተ፤ ከዚያ በኋላ ገመድ አያዞርም። ስለዚህ ገመዱን ያዞረውና ሞቱን ያስቀመጠው አንድ ሰው ነው።»

ወደ አጎትየው ዞረች። «እርስዎ ጽሑፉ ወደየትም ቢዞር ግድ የለዎትም፤ ኮረንቲ አያነብም ብለውኛል። እትዬም ይሄን ነገር ነክተው አያውቁም። ሰው ለመግደል መጥቶ፣ ልቡ እየደለቀ፣ ላቡ እየወረደ፣ ገመድ ተገልብጦ ሲያይ እጁ እምቢ ብሎት አስተካክሎ የሚሰካ ሰው እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ነው። እሱም ሸክላ በሩ ላይ አስቀምጬ ሄድኩ ይላል።»

ወርቅ ጆሮ ጥፍሩን ከጆሮው አወጣ። «የማይሆን ነገር! ለአንድ ገመድ ብዬ ጓደኛዬን እገድላለሁ?»

«ለገመድ አይደለም። ቅዳሜ ዓይንዎ ተሸፍኖ፣ የሱቁ ባለቤት ፊት፣ አንዱን ከአንዱ መለየት እንደማይችሉ ሊታይ ነበር። ጆሮዎት ከሄደ ቆይቷል፣ አይደል? ሰውየው ደግሞ ለጨዋታ ያህል...»

«ጨዋታ?» ብድግ አለ፤ ወንበሩ ተገለበጠ። «ይሄ ጨዋታ ነው? እንደ አህያ ሲስቁብኝ! ፈርሞ፣ ቀን ጽፎ፣ ወረቀት አስሮበት! ሰላሳ ዓመት የተከበርኩትን ሰውዬ፣ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት...»

ልጅቷ ከጥጉ ተነቃነቀች።

«ስለ ወረቀት ማንም አላወራም» አለች መርማሪዋ። «እኔም አላየኋትም፤ ስደርስ የለችም ነበር። የት አደረጓት?»

እጁ ወደ ኮቱ ደረት ሄደ። አብሯት የመጣው ፖሊስ ኮቱን ሲፈትሽ ወረቀቷ ከውስጥ ኪሱ፣ አራት ቦታ ታጥፋ ወጣች። አላቃጠላትም፣ አልቀደዳትም፤ ደጋግሞ ሲያነባት ከርሞ በላብ ወይባለች። መርማሪዋ በሁለት ጣት ብቻ ያዘቻት። ሰውዬው እጁ ሲታሰር እንኳ «ከሐሙስ ወዲህ እኮ ድምፁ ተሻሽሎ ነበር» አለ። አጎትየው «ሰይጣን!» ብሎ ተፋ፤ ሦስት ቀን ሙሉ የወንድሙን ልጅ ሲከስስ የከረመውን አፉን ጠርጎ ወደ ማዕድ ቤት ሄደ።

መርማሪዋ ወደ ልጅቷ ቀረበች። «ጠይቀሽኝ ነበር። መልሱ ይኸው፤ ያንቺ ሥራ አልገደለውም። ዳዶሽ እስኪፈታ ድረስ ፒንሳውን አታግሏል፤ በደንብ ነው ያሰርሽው።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰች።

እናቲቱ እጆቿን ዘርግታ መጣች። «ልጄ፣ የኔ ልጅ፣ ይቅር በይኝ። ሰዉ ሁሉ ሲለኝ እኮ ነው...»

«ሰው ስላለሽ አይደለም፣ እማዬ» አለች ልጅቷ በቀስታ። አልሸሸችም፣ ግን አላቀፈቻትም። «አጎቴ ለስሙ ፈርቶ ነው ያለው። አንቺ ግን አመንሽ። ሦስት ቀን ሙሉ፣ አባዬን ያለ እኔ ቀበርሽው።»

የእናቲቱ እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ። መርማሪዋ ቦርሳዋን አንስታ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።