በያጁ የተዋሰው ታሪክ

በስደተኞች ጉዳይ ቢሮ በአስተርጓሚነት ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የራሱን የሚናገረውንና የሸመደደውን የሚያወርደውን ለመለየት ጊዜ አይፈጅብኝም። የበያጁ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በአገሩ ሳለ ወታደሮች ሰው የታጎረበትን መጋዘን በር «በይደህ ዝጋ» ቢሉት፣ እንቢ አለ። ቀኝ እጁን በገዛ መበየጃው አቃጠሉት። ሕጉ ጥገኝነት የሚሰጠው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

ችግር የሆነው ወደዚህ አገር ቀድሞት የገባው የሚስቱ ወንድም ነው። ሰፈሩ «ጠበቃው» ይለዋል፤ የሕግ መጽሐፍ ገልጦ ግን አያውቅም። በኋላ ሚስቲቱ እንደነገረችኝ፣ ለቃለ መጠይቁ ሳምንት ሲቀረው በያጁን አልጋ ጫፍ ላይ አስቀምጦ ያስጠናው ጀመር።

«የእኔ እውነት ምን አነሰው?» አለ በያጁ።

«እጅህንማ ሥራ ላይ ነው ያቃጠልከው ይሉሃል። በራሪ ወረቀት በድብቅ አትም ነበር በል። በዚህ ስንቱ አልፏል! እኔ ላንተ ክፉ እመክራለሁ?»

«ተው እንጂ ወንድሜ፣ የራሱን ይናገር» አለች ሚስቱ።

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ! መኖሪያ ፈቃድ ያለው ማን ነው?»

ቀኑ ደረሰ። በያጁ ያጠናውን አወረደ። መርማሪዋ «ማተሚያ ቤቱ ስንት በር ነበረው?» ብላ ጠየቀች።

«ሁለት። አንዱ በዳቦ ቤቱ በኩል ያስወጣል።»

መርማሪዋ ተነስታ ከመደርደሪያው አራት ፋይል አወጣች። በአራቱም ውስጥ ያ ዳቦ ቤት አለ። «ሌላ የምትጨምረው አለ?» አለች። በያጁ ጠባሳ ያለበትን እጁን ጠረጴዛው ሥር ደበቀ።

«የለኝም።»

ጠባሳውን አይቼዋለሁ። ሥራዬ የተባለውን ብቻ መተርጎም ነውና «የለኝም» ብዬ ተረጎምኩ።

ተከለከለ። ይግባኝ ብሎ እውነቱን እያለቀሰ ተናገረ፤ እጁንም አሳየ። ዳኛው «ታዲያ መጀመሪያ ለምን አላልክም?» አሉት። የመጀመሪያ ቃል ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይቀመጣል፤ የኋላው ሲቃረነው እውነቱም ከውሸቱ ጋር አብሮ ይወድቃል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለእሱ ግን የሚያድርበት ቀን አልተረፈውም፤ በሳምንቱ አሳፍረው መለሱት። ከአውሮፕላን ሲወርድ ወታደሮች ወሰዱት አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም።

«ጠበቃው» አሁን በየማለዳው ቢሯችን በር ላይ ይቆማል። የተሰለፈውን ሁሉ እጁን እየያዘ «የራስህን ተናገር ወንድሜ፤ የራስሽን እህቴ» ይላል። ዘበኛው አእምሮው ተነክቷል ብሎ ያምናል። እህቱ በፊቱ ስታልፍ ሰላም አትለውም።

ወገኖቼ፣ የሰው ታሪክ አትዋሱ። የሚመልሷችሁ ቀን አዋሹ አብሯችሁ አይሳፈርም።