ከእትዬ ሙኒራ ጣሪያ የተፈታው ሽቦ

እሙሽ ተክሉ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። የምትኖረው ነገሌ ቦረና፣ ከጦር ካምፑ አጥር ጀርባ ባለው ሰፈር ነው። አባቷ አሥር አለቃ ተክሉ ወታደር ናቸው። እንደ እናንተ እሷም ሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምራለች፤ ድምፅዋም ከሁሉ ጎልቶ ይሰማል። ጎልቶ መሰማት ደግሞ ትወዳለች። ይህቺን ነገር ልብ በሉልኝ።

ከነእሙሽ ቤት ቀጥሎ የእትዬ ሙኒራ ቤት አለ። እትዬ ሙኒራ በራቸው ላይ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ባለቤታቸው ዩኑስ የጭነት መኪና እየነዱ ሞያሌ ይመላለሳሉ። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ቤት የሚገኙት እትዬ ሙኒራና ገና መዳህ የጀመረው ልጃቸው ዓብዱልመጂድ ብቻ ናቸው። እሙሽ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ የምትሮጠው ወደ ሕፃኑ ነው። እሱም ገና ከሩቅ ሲያያት እቀፊኝ ብሎ እጁን ይዘረጋል።

አንድ ቀን የሳይንስ አስተማሪው መምህር ጃልዴሳ ወደ ክፍል ገብተው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡ።

"አካም ልጆች? ናጋ?"

"ናጋ!" አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

"ዝናቡ ሊገባ ነው። ከፊቱ የሚመጣውን ነፋስ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ አውሎ ነፋስ የማይጥለው ትንሽ ቤት ትሠራላችሁ። ጭራሮ ይሁን፣ ጭቃ ይሁን፣ ካርቶን ይሁን፣ ምርጫው የእናንተ ነው። ሕጉ ግን አንድ ነው፤ ወድቆ ባገኛችሁት ዕቃ ብቻ! ከሰው የሚወሰድ ነገር የለም።"

"ያሸነፈስ ምን ያገኛል መምህር?" አለች እሙሽ።

"ያሸነፈማ ቦሬ ይሄዳል! እዚያ የትምህርት ቤቶች ውድድር አለ።"

ቦሬ! እሙሽ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ቆላ ውስጥ፣ በቀዩ አቧራ መሐል ነው። ቦሬ ግን ደጋ ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ሜዳውን ሞልቶ በመስኮት ሳይቀር ይገባል ሲባል ሰምታለች። ጉምን በእጇ መንካት አማራት። እኔም ብሆን ያምረኛል። መፈለጓ ጥፋት አልነበረም።

ሥራዋን ጀመረች። ግድግዳውን በጭራሮና በጭቃ አቆመች። ጣሪያውን ከተጣለ የዘይት ቆርቆሮ ሠራች። ነገር ግን በካርቶን ስታራግብበት ጣሪያው ብድግ ብሎ ወደቀ። ድንጋይ ጫነችበት፤ ግድግዳው ተሰነጠቀ። በክር አሰረችው፤ ክሩ ተበጠሰ። እሙሽ ልታለቅስ ደረሰች።

ቀና ስትል ከእትዬ ሙኒራ ቤት ጀርባ አንድ ነገር አየች። የጣሪያው እንጨት ከቤቱ ቋሚ ጋር በጥቁር ሽቦ ታስሯል። ሽቦው ደጋግሞ ተጠምጥሞ ጫፉ ወጣ ብሏል።

"ቤቱ አራት ማዕዘን አለው። ሦስቱ ይበቃዋል" አለች በልቧ። "ደግሞ ስንት ዘመን የቆመ ቤት በአንዲት ሽቦ ምን ይሆናል?"

አያችሁ ልጆች? ልባችን አንድ ጥፋት ሲያምረው እንዴት ያለ ጎበዝ ጠበቃ ይወጣዋል!

እሙሽ በርሜል ላይ ወጣች። በማንኪያ እጀታ ጫፉን ፈልቅቃ ሽቦውን ፈታችው። ከግድግዳው ወዲያ ዓብዱልመጂድ ብቻውን ሲስቅ ይሰማታል። ሽቦውን በቀሚሷ ሸሽጋ ሮጠች። መቁረጫ ስላልነበራት ከነርዝመቱ ትንሿ ቤት ላይ ጠመጠመችው። ከጣሪያ እስከ መሠረት አጥብቃ አሰረችው። አሁን ብታራግብ፣ ብትገፋ፣ ብትነቀንቅ ቤቷ ንቅንቅ አልል አለች።

የፈተናው ቀን ደረሰ። መምህር ጃልዴሳ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቬንትሌተር ተውሰው መጡ። የዋሪዮ ቤት ገና ነፋሱ ሲነካት ጠረጴዛ ሥር ገባች፤ ዋሪዮ ራሱ ሳይቀር ሳቀ። የሸሪፍ ቤት ክብ ነበረች። ከጣሪያዋ ጥቂት ተላጠ እንጂ አልወደቀችም። የእሙሽ ቤት ግን ፍንክች አላለችም። ልጆቹ አጨበጨቡ።

"ጎበዝ!" አሉ መምህር ጃልዴሳ። "ይሄን ሽቦ ከየት አመጣሽው?"

"ወድቆ አገኘሁት።"

አጭር መልስ ነበር። እውነት ግን አልነበረም።

"እንግዲህ ሁላችሁም እኔን እዩ" አሉ መምህር። ከደብተር ላይ ቀጭን ወረቀት ቀደዱ። አንዱን ጫፍ ከታችኛው ከንፈራቸው ሥር ያዙት። ሌላው ጫፍ ወደ ታች ተንጠለጠለ። ከዚያ ከወረቀቱ በላይ ወደ ፊት እፍ አሉ።

ወረቀቱ ቀስ ብሎ ተነሣ! ከሥሩ ማንም አልነካውም፤ ትንፋሹ በላዩ ስላለፈ ብቻ ወደ ላይ ወጣ። ቤት ስትገቡ እናንተም ሞክሩት። እኔ በዚህ ዕድሜዬ በሞከርኩት ቁጥር ይገርመኛል። ፈጣሪ በዚህ በማናየው አየር ውስጥ ያኖረውን ኃይል አስቡት! እኛ ግን ቀኑን ሙሉ እየተነፈስነው አንድም ቀን ልብ አንለውም።

"ነፋስ የሚገፋ ብቻ ይመስላችኋል" አሉ መምህር ጃልዴሳ። "ጣሪያን ግን እንዲህ አድርጎ ያነሣዋል። ጣሪያን የሚይዘው ማሰሪያው ነው። ተመልከቱ!"

በእሙሽ ቤት በአንደኛው ማዕዘን ብቻ ሽቦውን አላሉና ቬንትሌተሩን አበሩት። ቆርቆሮው በዚያ በኩል ቀና አለ። ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ተስፈንጥሮ ወጣና እሙሽ እግር ሥር ወደቀ።

"በአንድ ማዕዘን ብቻ!" አለ ሸሪፍ አፉን ይዞ።

እሙሽ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሰማዩ ቡናማ ሆኗል። ከመሬት እስከ ደመና የሚደርስ የአቧራ ግድግዳ በዝግታ ወደ ከተማው እየመጣ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር አይታ አታውቅም። ዓብዱልመጂድ ደግሞ በዚህ ሰዓት ይተኛል። የሚተኛውም ልክ በዚያ ማዕዘን ሥር ነው።

ዝም ብትል ቦሬም ጉሙም የእሷ ናቸው። ሕፃኑስ? ብድግ አለች።

"መምህር፣ ወድቆ አላገኘሁትም። ከእትዬ ሙኒራ ጣሪያ ላይ ፈትቼ ነው። ሕፃኑ እዚያ ሥር ተኝቷል!"

መምህር ጃልዴሳ አልተቆጡም፤ ለቁጣ ጊዜ አልነበረም።

"ሽቦው እንዲወጣ ቤትሽ መፍረስ አለበት" አሉ።

"እኔው አፈርሰዋለሁ" አለችና በሁለት እጇ ጭቃውን ሰባበረችው።

መምህር ተማሪዎቹን ለጎረቤት ክፍል አስተማሪ አደራ ሰጡ። ፒንሳ አነሡና ከእሙሽ ጋር እየሮጡ ወጡ። ደግነቱ ሰፈሩ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ነው።

"እትዬ ሙኒራ! ሕፃኑን ከዚያ ያንሡት!"

እትዬ ሙኒራ ደንግጠው ወጡ። "ምን ሆነሻል ልጄ?"

"ሽቦዎን ሰርቄአለሁ! ጣሪያው ይነሣል!"

እትዬ ሙኒራ ወደ ውስጥ ሮጠው ልጃቸውን አነሡ። መምህር ጃልዴሳ በርሜሉ ላይ ወጡ። እሙሽ ከታች ሽቦውን እየሳበች አቀበለቻቸው። የመጀመሪያው ነፋስ ደርሶ ዓይናቸውን በአቧራ ሞላው። ጠመጠሙ፣ አሁንም ጠመጠሙ፣ በፒንሳ አጠበቁት። ከእሙሽ ጋር ወደ ቤት ዘለው ገቡ።

ከዚያ አውሎ ነፋሱ መጣ። ቀኑ ጨለመ። ጣሪያው ጮኸ። በበሩ ስንጥቅ ሲያዩ ማዶ ያለው የከሰል መሸጫ ዳስ ቆርቆሮው ልክ እንደዚያች ወረቀት ብድግ አለ፤ ተገለበጠና ወደ ካምፑ በረረ። ያ ማዕዘን ቀና ሊል ይሞክራል፤ ሽቦው ይመልሰዋል። አሁንም ይሞክራል፤ አሁንም ይመልሰዋል። እትዬ ሙኒራ "ያ አላህ" ይላሉ። መምህር ጃልዴሳ "ያ ዋቃ" ይላሉ። እሙሽ "እግዚኦ" ትላለች። ዓብዱልመጂድ ብቻ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ያዳምጣል።

አውሎ ነፋሱ ካለፈ በኋላ እትዬ ሙኒራ የእሙሽን እጅ ይዘው ወጡ። በርሜሉ ላይ አቆሟት።

"ንኪው" አሏት።

ነካችው። ሽቦው ውጥር ብሏል። ደግሞ እንዴት ቀጭን ነው! ያን ሁሉ ነፋስ የመለሰው ይህ ነው? እሙሽ እንባዋ መጣ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ።"

እትዬ ሙኒራ ልጃቸውን ጥብቅ አድርገው አቀፉት።

"ወላሂ ተናድጄብሻለሁ። እዚያ ሥር የተኛው ልጄ ነው" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ለዘብ አለ። "ግን ሮጠሽ መጣሽልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ይሄን ሽቦ የምትጠብቂው አንቺ ነሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ እንዳይላላ ታይልኛለሽ።"

"እኔ? አሁንም እኔን ያምኑኛል?"

"ከአንቺ የበለጠ የሽቦውን ጥቅም የሚያውቅ ማን አለ?"

ቦሬ የሄደው ሸሪፍ ነው። አውቶቡሱ በሰፈሩ ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እሙሽ በርሜሉ ላይ ቆማ ነበር። ሸሪፍ በመስኮት እጁን አውለበለበላት፤ እሷም አውለበለበችለት። አልዋሻችሁም፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ጉሙን እስከ ዛሬ አልነካችውም። አውቶቡሱ ከዓይኗ ሲሰወር ዞረችና ሽቦውን በጣቷ ሳብ አደረገችው። ጠብቋል። ከግድግዳው ወዲያ ዓብዱልመጂድ ብቻውን ሲስቅ ሰማችው፤ እሷም በርሜሉ ላይ እንደቆመች አብራው ሳቀች።

ልጆቼ፣ ለእኛ ትንሽ የሚመስለን ነገር የሌላውን ሰው ቤት አጥብቆ የያዘ ሊሆን ይችላልና፣ ያልተሰጠንን አንውሰድ፤ ከወሰድንም ክብራችን ቢቀርም እውነቱን ተናግረን ቶሎ እንመልስ።