የእኔ ዓሦች ለምን ጓዳ ይገባሉ?

አዎ፣ ቀንቻለሁ። የማይቀና ማን አለ?

እጮኛዬ ሻሚል ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ጁስ ቤት አለው። ባንኮኒው አጠገብ፣ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ወርቃማ ዓሦች ያረባል። ታዲያ ሔዋን የምትባል የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ አለች፤ የምታስተምረው የእንስሳት ጤና ነው። ዓሦቹን ልይልህ እያለች ትመላለሳለች፤ ለገንዳው የሚሆን የውኃ ቅጠል ሳይቀር አምጥታለታለች። ውኃው ተቀየረ? ምግቡ አልበዛም? እሱም «እሺ ቲቸር፣ እሺ ቲቸር» ነው። ለእኔ እንኳ እንዲህ እሺ ብሎ አያውቅም!

እኔም ዝም አላልኩም። አጎቴን አስቸግሬ ከአዲስ አበባ ሦስት ጥቋቁር ዓሦች በላስቲክ አስመጣሁ። ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ ተንገላተው በሕይወት ደረሱ። ሻሚል ሲያያቸው ፊቱ ፈካ። ከዚያ ይዟቸው ወደ ጓዳ ገባና ባልዲ ውስጥ ጨመራቸው።

«ምነው? ገንዳው ጠበበ?»

«አይ ዐፊፋዬ፣ አዲስ ዓሣ ለብቻው ሰንብቶ ነው የሚቀላቀለው። ምናልባት በሽታ ይዞ ከመጣ ሌሎቹን ይፈጃል። ቲቸር ናት እንዲህ...»

«ቲቸር!» ደሜ ፈላ። «እሷ ያመጣችው ቅጠል መስታወት ውስጥ ይንሳፈፋል፣ የእኔ ስጦታ ጓዳ ይጣላል? በእኛ ወግ እንግዳ ደጅ አይቆምም፣ ሻሚል! ዛሬ ካልገቡ አባቴ ቤት ሽማግሌ እንዳትልክ።»

ባልዲውን አመጣና ዓሦቼን በገዛ እጁ ገንዳው ውስጥ ለቀቃቸው። እኔማ ያሸነፍኩ መስሎኝ ደስታዬ ወሰን አጣ።

ሳምንት ሳይሞላ በዓሦቹ ገላ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ወጣ። ከገንዳው ድንጋይ ጋር ይታከኩ ጀመር፤ ከዚያ መሞት መጣ። ስሄድ ሻሚል የሞቱትን በማጥለያ እያወጣ አገኘሁት። አልተቆጣኝም። እሱ ነው የባሰብኝ።

«እያወቅክ ለምን ለቀቅካቸው?» አልኩት እንባዬ እየወረደ።

«እንቢ ብልሽ ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«እሄዳለኋ! ሄጄስ የት እደርሳለሁ? እመለሳለሁ። ሁለተኛ እንዲህ ስሆን እንቢ በለኝ።»

«የእውነትሽን ነው?»

«ወላሂ!» እንባዬን ጠረግኩ። «በል አሁን፣ ያቺ ሴትዮ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ድርሽ እንዳትል።»

«እንቢ» አለኝ። «የቀሩትን የምታድንልኝ እሷ ናት።»

ኧረ! ወዲያው? በሩን ድርግም አድርጌ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ እስከ ገበያው ድረስ ሄድኩ። ዝናቡ መጣ።

«አዙረው» አልኩት ባለ ባጃጁን።

ስመለስ ሔዋን እጅጌዋን ሰብስባ፣ ንጹሕ ውኃ የሞላ ጀሪካን እየጎተተች ነበር። ሻሚል በሩን በሩን ያያል።

«መጣሁ እኮ፣ ምን ታፈጣለህ!» አልኩት። እፎይ ሲል ሰማሁት።

አልዋሽም፣ ቅናቱ አሁንም አልለቀቀኝም ነበር። ሔዋን አጠገብ ሄድኩና ጀሪካኑን ያዝኩት።

«አምጪ» አልኳት፣ «ለብቻሽ ይከብድሻል።»