የወደቀ ጨርቅ

«ጨርቁን ከመሬት ያነሣው ማን ነው?» አለ አባቷ።

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሲቈጣ ድምፁ ይበልጥ ዝቅ እንደሚል ልጅቱም፣ ዐብሮት የሚሠራው ሰውም ያውቃሉ። ጥቁሯ መኪና የመኪና ቀለም ከሚያለሰልሱበት ሥራ ቤት በር ላይ ፀሓይ እየመታት ቆማለች። ትናንት ቀኑን ሙሉ በእጅ ፖሊሽ የተደረገው ኮፈኗ ከዳር እስከ ዳር የሸረሪት ድር በመሰለ ቀጫጭን ክብ ጭረት ተወርሷል። ባለቤቷ ጠበቃ ናቸው። ጧት ሊወስዷት መጥተው፣ ጐንበስ ብለው አይተው፣ «ሳመጣት ከነበረችበት ብሳለች» አሉ፤ ነገ እኩለ ቀን ላይ እንደሚመለሱም ተናግረው በእግራቸው ሄዱ።

«እንዲህ ያለ ጭረት የሚመጣው ከአሸዋ ነው» አለ አባቷ። «አሸዋ ደግሞ በገዛ እግሩ ጨርቅ ላይ አይወጣም።»

በዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበረ። ቀለም የሚለሰልስበት ጨርቅ ከእጅ አምልጦ መሬት ከነካ አይነሣም፤ በእግር ወደ ጥግ ይገፋል፤ ከዚያ ወዲያ ጎማ ቢጠረግበት እንጂ ቀለም አይነካም። ይህን ሕግ በመጣሳቸው ከዚህ ቀደም ሁለት ሠራተኞች ተሰናብተዋል። ስማቸው ተነሥቶ አያውቅም።

አባቷ ወደ እርሷ ዞረ። «አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«አንተስ?»

ሰውየውን ሰፈሩ ሁሉ «ዝምተኛው» ይለዋል፤ ከንጋት እስከ ምሽት ምላሱ ስለማያርፍ በስላቅ ያወጡለት ስም ነው። ዛሬ ግን ስሙ የእውነት መሰለ። ልጅቱን አንድ ጊዜ አያት፤ ከዚያም ዐይኑን መሬት ላይ ጣለ።

«እኔ ነኝ፣ አለቃ። ቸኵዬ ነው።»

«ዐሥራ አንድ ዓመት ዐብረን ሠርተናል» አለ አባቷ። «ሽርጥህን ፍታ። ነገም አትምጣ።»

ልጅቱ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ሁሉ እዚህ ትውላለች፤ ባልዲ ትሞላለች፤ ጨርቅ ታጥባለች። ትናንት ከሰዓት በኋላም የታጠበ ጨርቅ እያሰጣች ሳለች፣ አንድ የማለስለሻ ጨርቅ ከኮፈኑ ጠርዝ ተንሸራቶ ሲወድቅ አይታለች። ማን እንዳነሣውም አይታለች። አባቷ ነበር። ጐንበስ ብሎ በመዳፉ ዳበሰ፤ ጨርቁን አገኘ፤ አንድ ጊዜ አራገፈው፤ ኮፈኑም ላይ መልሶ አሳረፈው። ጨርቁ አጠገቡ ባለው አግዳሚ ላይ የወደቀ መስሎት ይሁን፣ የወደቀበት ስፍራ ደረቅ አሸዋ መሆኑ ሳይታየው ቀርቶ ይሁን አላወቀችም። ያወቀችው እርሱ ሕጉን ዐውቆ እንደማይጥስ ብቻ ነው።

ይህን በመናገር ፈንታ ግን ባልዲውን አነሣች።

ዝምተኛው ሽርጡን አጥፎ አግዳሚው ላይ አኖረና ወጣ። ልጅቱ ባልዲ የምትሞላ መስላ ተከተለችው። ከመንገዱ ጥግ ላይ ደረሰችበት።

«ጋሼ፣ ያነሣኸው አንተ አይደለህም።»

«አቦ ተይኝ፣ ሰው ይሰማል» አለ፤ ሊሥቅም ሞከረ። «እኔ ካነሣኋቸው ነገሮች ሁሉ ቀላሉ ጨርቅ ነው።»

«እኔ አይቻለሁ። እርሱ ነው ያነሣው።»

ሣቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ወደ ሥራ ቤቱ በር ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዐይኑ እንደ ደከመ ዐውቄ ነበር። ሁለት ዓመት ሆነ። እርሱ የጨረሰውን እኔ እንደገና በባትሪ እያየሁ እደግመው ነበር። ትናንት ብቻ የልጄን ትኵሳት ብዬ ቀድሜ ወጣሁ። እነሆ።»

«ታዲያ ለምን አትነግረውም?»

«ምን ብዬ? ‹ከእንግዲህ አታይም› ብዬ? ይህ ሰው ከዚህ ሥራ ሌላ ምን አለው? እኔ ሌላ ቦታ ብሄድ ጥቂት አወራለሁ፣ ይለምዱኛል። እርሱ ከዚህ ወጥቶ የት ይቀመጣል?» ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «ሆድ ይፍጀው፣ ልጄ። ባትሪውን አሁን አንቺ ያዢለት።»

እየሄደ ሳለ ከአንድ ሱቅ ደጅ የተቀመጠ ሰው፣ «ዝምተኛው፣ ዛሬ ወሬ አልቆብህ ነው እንዴ?» ብሎ ጠራው። ዝምተኛው እጁን ብቻ አነሣለት።

ማታ ገበታ ላይ አባቷ ብዙ አልበላም። «ጭረቱ አይደለም ያሳዘነኝ» አለ። «ጭረት ይለሰልሳል። እርሱን ግን እንደ ወንድሜ ነበር የማምነው።» ልጅቱ ዳቦውን ቈርሳ ቈርሳ ሳትጐርሰው ተወችው። ሰውየው ባልሠራው በደል አባቷ ሲያዝንበት ማየት፣ በእርሷ ላይ ሲያዝን ከማየት ይብስባት ነበር።

በማግስቱ ጧት ፀሓይ ሳትበረታ ጀመሩ። አባቷ ነጭ ጨርቅ ከደረት ኪሱ አወጣና በጣቱ ቅባት ቀባው። «ይህ ኮፈን ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚችለው» አለ። «ቀለም እንደ ሰው ቆዳ ሥሥ ነው። በነካነው ቍጥር ጥቂት እናነሣለታለን። ባትሪውን አዘንብለሽ ያዢ፤ ጭረቱ ሲጠፋ ንገሪኝ።»

እጁ ዛሬም እንደ ወትሮው ነበር፤ አይቸኵልም፤ አይጫንም፤ ወዲያና ወዲህ በቀጥታ መስመር ይሄዳል። ልጅቱ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታውቀውን ያንን እንቅስቃሴ በባትሪው ተከተለች። በመካከሉ ያለው ጭረት በእርግጥ እየሟሸሸ ሄደ።

«ጠፋ?»

«ጠፍቷል፣ አባዬ። ወደ ጠርዙ ጥቂት አለ።»

ወደ ጠርዙ ዞረ። ፈገፈገ፤ ዐረፈ፤ እንደገና ፈገፈገ። በዚህ ጊዜ የባትሪው ብርሃን ያረፈበት ነጩ ጨርቅ መጥቈር ጀመረ። ይህን ምልክት ያስተማራት እርሱ ራሱ ነው። ጨርቁ የመኪናዋን መልክ መያዝ ከጀመረ፣ ከላይ ያለው መስታወት የመሰለው ልባስ አልቆ ቀለሙ ራሱ እየተነሣ ነው፤ እጅ ያኔውኑ ይነሣል። የእርሱ እጅ ግን አልተነሣም።

«አባዬ፣ በቃ። እጅህን አንሣ።»

«ለምን?»

«ጨርቁ ጠቍሯል።»

አባቷ ቆመ። ጨርቁን ወደ ፊቱ አቀረበ፤ አራቀው፤ ገለበጠው፤ እንደገና አቀረበው። አፍንጫውን ሊነካ ጥቂት ነበር የቀረው።

«ነጭ ነው» አለ።

ከውጭ አንድ ብስክሌት ደወል እያሰማ አለፈ። አባቷ ጨርቁን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ነበር፤ ልጅቱ ፊቱ ላይ በቍጣው ቀን ያልነበረ ነገር አየች፤ ፍርሃት ነበር።

«የእኔ ጥላ አርፎበት ይሆናል» አለ። ከዚያም ድምፁ ለምኖ እንደማያውቅ ሰው ድምፅ ተሰበረ። «ተሳስተሽ ይሆናል። አይደል?»

«ይሆናል» ብትል ሁሉም ነገር በነበረበት ይቀጥል ነበር። የኮፈኑን ጉዳት ትሸፍንለታለች፤ ባትሪውን በየቀኑ ትይዝለታለች፤ እርሱም ዐይኑ ደኅና እንደ ሆነ አምኖ ይኖራል። ያለ ጥፋቱ የተባረረው ሰውም እንደ ተባረረ ይቀራል።

ባትሪውን አጠፋች፤ መሬት ላይም አኖረችው።

«አልተሳሳትሁም፣ አባዬ» አለች። «ከትናንት ወዲያም ጨርቁን ያነሣኸው አንተ ነህ። ጋሼ አይደለም። እርሱ የዐይንህን መድከም ዐውቆ ነው የዋሸው።»

አባቷ በግራ እጁ የኮፈኑን ዳር ፈልጎ ያዘ። እርሷም ቃሏን አልመለሰችም፤ ካጠገቡም አልሄደችም።